ስድስተኛዋ ጥይት

ስልኩ ሲጮህ ጋሽ ሰጠው በቀኝ እጁ አንድ ሽጉጥ፣ በግራው ሌላ ሽጉጥ ይዞ ስለነበር ማንሻ እጅ አልነበረውም።

ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ካለችው የጦር መሣሪያ ሱቅ ገብቶ ከቆመ ሰዓት አልፎታል። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ የኖረ ጥበቃ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲታጠቅ የኖረው የድርጅት ሽጉጥ ነበርና፣ አሁን በገዛ ስሙ ሪሽዮን፣ የመሣሪያ ፈቃድ፣ ወጥቶለት የራሱን ሊገዛ መጥቷል። ፈቃዱ ለአንድ ሽጉጥ ብቻ ነው። የፊቱ ባንኮኒ ላይ ደግሞ ሁለት ስድስት ጎራሽ ቀርበውለታል፤ ጥይት ይዞ የማይሽከረከር ሽጉጥ ለሰጠው ሽጉጥ አይመስለውም።

የሱቁ የተኩስ አስተማሪ ቤኒ ትዕግሥቱ አላለቀም። የጎረቤት ልጅ ነው፤ እዚያው ቂርያት ጋት ተወልዶ አድጎ አሁን ሠላሳ አምስት ደፍኗል።

«ጋሽ ሰጠው፣ እንደገና ልንገርዎት» አለ። «ይቺ ባለ ረጅም አፈሙዟ፣ ለእያንዳንዷ ጥይት መዶሻዋን በአውራ ጣትዎ ወደ ኋላ መሳብ አለብዎት። አንዴ ከሳቡ በኋላ ግን ምላጯ ላባ ናት፤ ሲነኳት ትተኩሳለች። ይቺኛዋ አውራ ጣት አትፈልግም። ምላጯን ብቻ ሲስቡ መዶሻው ራሱ ይነሣል፣ ራሱ ይወድቃል። አሳቧ ግን ረጅምና ከባድ ነው።»

ሰጠው ሁለተኛዋን ወደ ባዶ ግድግዳ አነጣጥሮ ሳባትና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ መቅዳት ነው! ሰው እስኪተኩስ ጠላቱ ምሳውን በልቶ ይጨርሳል።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ሁለቱንም አስቀምጦ አነሣ። ኖጋ ነበረች፣ የታናሽ ወንድሙ የአስፋ ልጅ።

«አጎቴ፣ አባ ደወለልኝ» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ጎህ ሲቀድ ሺታፎን መጣ አለኝ። ጎርፉ ጄኔሬተሩንም ማቀዝቀዣውንም ጠርጎ ወስዶታል። ኢንሱሊኑ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የመጨረሻውን የተወጋው ትናንት ጠዋት ነው። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።»

አስፋ ስኳር በሽተኛ ነው፤ በየቀኑ ካልተወጋ አይኖርም። ከምፅጴ ራሞን ወዲያ፣ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ብቻውን ፍየል ያረባል። ሰጠው ስንት ጊዜ ወደ ከተማ ና ብሎ ለምኖት አሻፈረኝ ብሏል።

«መንገዱስ?»

«ተቆርጧል። ነገ ቀትር ላይ እንከፍታለን ይላሉ። ሄሊኮፕተሮቹ ጎርፍ የከበባቸውን ሰዎች እያወጡ ነው፤ ስሙን ጽፈናል፣ ወረፋ ጠብቂ አሉኝ። ነገ ቀትር ድረስ አይቆይም አጎቴ። ሠራዊት ውስጥ ሆቬሼት፣ ቁስለኛ የማክም፣ ነበርኩ፤ ስኳር ሲወጣ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። መድኃኒቱን ገዝቼያለሁ፤ ካርሜ ጋት ሰፈር በር ላይ ነኝ። ውሰዱኝ!»

ለሰጠው የቀረው ወንድም ይህ አንድ ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በተነሣው አውሮፕላን ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመቱን አስፋን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው። መቀመጫ የሚባል ነገር አልነበረማ። ከዚያ ወዲህ አስተምሮታል፣ ድሮታል፣ ሚስቱ ስትሞት አብሮት ቀብሯል።

«ያቺን!» አለ ባለ ረጅም አፈሙዟን እየጠቆመ። «ከጥይቷ ጋር ስጠኝ። መኪናህን ደግሞ አስነሣ።»

ቤኒ ምንም አልጠየቀም። ወረቀቱን አስፈርሞ፣ የሱቁን ቁልፍ ለባልደረባው ወርውሮ፣ የራሱን ሽጉጥ ወገቡ ላይ አስተካክሎ ወጣ። እሱ የሚታጠቀው ሰጠው የናቃትን የከባዷን መንታ ነው።

ኖጋን አሳፍረው ወደ ደቡብ ሲበሩ ቤኒ ከመሪው ኋላ ሆኖ እንዲህ አለ፦

«ጋሽ ሰጠው፣ አምስት ብቻ ያጉርሷት። መዶሻዋ ባዶው ቀዳዳ ላይ ይረፍ። አሠራሯ የድሮ ነው፤ ስድስት ጎርሳ ከወደቀች ራሷ ትተኩሳለች።»

«እሺ» አለ ሰጠው።

እሺ አለና ስድስት አጎረሳት። ለስድስት የተሠራን ነገር አምስት መስጠት ንፍገት መሰለው። ቤኒ በመስታወቱ አየው፤ ወይም ያየ መሰለው። ተኩስ ሜዳው ላይ ቢሆን ጄኔራልም ቢመጣ ሽጉጡን አስከፍቶ ጥይቱን ሳይቆጥር አያሳልፍም። ሰጠው ግን የአባቱ ባልንጀራ ነው፤ በልጅነቱ ጉንጩን ቆንጥጦ ከረሜላ የሰጠው ሰው ነው። ትልቅ ሰው እሺ ካለ በኋላ እጁን ዘርግቶ «እስቲ ልይልዎት» ማለት ቤኒን አሳፈረው። አፍሮም ዝም አለ።

ከቤር ሼቫ ወዲያ ሰማዩ ጠቆረ። ምፅጴ ራሞንን አልፈው ወደ ጥርጊያው መንገድ ሲታጠፉ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበ ነበር። አስፋ ቤት ለመድረስ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሲቀር መንገዱ አለቀ። ተቆርጦ ሳይሆን ጠፍቶ ነበር፤ ትናንት መንገድ በነበረበት ቦታ ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው።

ኖጋ መድኃኒቱን በቀዝቃዛ ሣጥን አድርጋ በቦርሳ ጀርባዋ ላይ አሰረች። ሦስት መርፌዎች ናቸው፣ ብዕር የሚያክሉ። ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ሆኗል።

መጀመሪያ የገጠማቸው ወንዙ ነው። ቤኒ ገመድ ወገቡ ላይ አሥሮ ገባ፤ ውሃው ደረቱ ድረስ ውጦት፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ፣ ማዶ ካለች ግራር ላይ ገመዱን አሠረ። ኖጋ ሣጥኑን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ተሻገረች። ሰጠው የመጨረሻው ሆነ። መሐል ሲደርስ የተነቀለ ግንድ እየተንከባለለ መጥቶ ጎኑን መታው። እግሩ መሬቱን ለቀቀ። ገመዱን ይዞ ተንጠለጠለ፤ ገመዱ ቀኝ አውራ ጣቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ሳበው፣ የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

«አይልቀቁ! አጎቴ፣ አይልቀቁ!»

«ማን ይለቃል!» ብሎ ጮኸ ሰጠው፣ አፉ ጭቃ እንደሞላ።

አልለቀቀም። ቤኒና ኖጋ ገመዱን እየሳቡ እንደ ጆንያ ጎትተው አወጡት። ተነሣ፣ ጭቃውን ተፋ፣ አውራ ጣቱን አየ። ማበጥ ጀምሯል። ጣቱን ኪሱ ከትቶ ወደፊት መራመድ ቀጠለ።

ከሸለቆው ወጥተው ሜዳማው አምባ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ አባራ፣ ንፋሱ ተተካ። ጠቋቁሮ የሚያብረቀርቅ የድንጋይ ምድር ነው፤ ሣር የለ፣ ጥላ የለ። ሁለት ሰዓት ያህል ፊታቸውን ለንፋስ ሰጥተው ገሰገሱ። ሰጠው ከሁሉም ፊት ነው፤ ጉልበቱ ራሱን አስደነቀው። ሃያ ሁለት ዓመት በር ላይ የቆመ እግር መራመድ ናፍቆት ኖሯል።

ውሾች የመጡት ከኋላቸው፣ ሽታቸውን ንፋሱ በወሰደበት በኩል ነው። ጌታ የሌላቸው፣ በረሃ ውስጥ ተወልደው ሰው የማይፈሩ ዘጠኝ ውሾች ነበሩ። መጀመሪያ በሩቁ ተከተሉ። ከዚያ ክብ ሠሩ። ፊት የቆመው አንድ ጆሮ የሌለው ቢጫ ውሻ ጥርሱን አሳይቶ ወደ ኖጋ ጠጋ አለ።

«ጀርባ ለጀርባ!» አለ ቤኒ። «አትሩጡ!»

ሰጠው አዲሷን ሽጉጥ መዘዘ። አውራ ጣቱን መዶሻዋ ላይ አድርጎ ሳበ። አልሳብ አለ። ጣቱ ሕመም እንጂ ኃይል አልነበረውም። እንደገና ሞከረ፤ ዓይኑ በእንባ ተሞላ እንጂ መዶሻው ንቅንቅ አላለም። በግራው ሊያግዝ ሲል ቢጫው ውሻ ዘለለ። በዚያው ቅጽበት ቤኒ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መሬቱ ላይ ተኮሰ። የድንጋይ ፍንጣሪ አፍንጫውን የመታው ውሻ እየጮኸ ዞረ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ፈረጠጡ።

«አልተኮሱም እንዴ ጋሼ?» አለ ቤኒ።

«ጥይት ላለማባከን ብዬ ነው» አለ ሰጠው፣ ሽጉጧን ወደ ማህደሯ እየመለሰ።

ውሸት ነበር፤ ሦስቱም ያውቁታል። ያም ሆኖ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አምባው በገደል አለቀ። ከታች የአስፋ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ከዚህ በኋላ የቀረው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ታች ለሚወርድ እግረኛ ዓለቱ ላይ የብረት እጀታዎች ተተክለዋል። ኖጋ ቀድማ ወረደች፤ ታች ስትደርስ ሣጥኑ ያለበትን ቦርሳ አውርዳ ዓለት አስደግፋ ቆመች። ቤኒ ተከትሎ መሐል ላይ ካለች ጠባብ እርከን ቆመ። ሰጠው ሲወርድ የሽጉጡ ቀበቶ ብረቱ ላይ ተጠላለፈበት። ፈታውና ከነማህደሩ ወደ ታች ዘረጋ።

«እንካ፣ ያዝልኝ።»

ቤኒ አንድ እጁ ብረቱን ይዟል። ሌላው ባዶ ነው። ማንም ሰው በዚያ በባዶው እጅ ይቀበል ነበር። ቤኒን ግን እናቱ ያሳደገችው ከትልቅ ሰው በአንድ እጅ እንዳይቀበል አድርጋ ነው፤ ከእሱ በፊት እጆቹ ወሰኑ። ብረቱን ለቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቱንም ዘረጋ።

ቀበቶው እርጥብ ነበር። ሽጉጧ ከማህደሯ ሾልካ ወጣች። ዓለቱን አንዴ፣ ሁለቴ ነካች፤ በሦስተኛው በመዶሻዋ አረፈች። ጥይቱ ጮኸ። ቤኒ ደንግጦ ሚዛኑን ሳተና ከእርከኑ በትከሻው ወደቀ።

ሰጠው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ታች ሲደርስ ቤኒ ቀኝ ትከሻውን ይዞ ያቃስታል፤ ክንዱ ከቦታው ወጥቷል። ኖጋ ግን ወደ ቤኒ አላየችም። ተንበርክካ ቦርሳው ላይ ያለውን ቀዳዳ ትመለከታለች። ሣጥኑን ከፈተች። የመድኃኒት ሽታ ወጣ። አንድ የተሰባበረ መርፌ አነሣች፣ ቀጥሎም ሁለተኛ የተሰባበረ። ሦስተኛውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየችው።

«አንድ ተርፏል» አለች ቀስ ብላ። «አንድ።»

የተረፈውን በመዳፏ ጨበጠችው።

«ስድስት አጉርሻት ነበር» አለ ሰጠው። «አምስት ብሎኝ እሺ ብዬ ስድስት አጎረስኳት።»

«እኔም አይቻለሁ» አለ ቤኒ ጥርሱን ነክሶ። «መፈተሽ ነበረብኝ። ሥራዬ እኮ ነው። አፈርኩ።»

ኖጋ ተነሥታ ቆመች።

«እናንተ እርስ በርስ ስትከባበሩ አባቴን ልትገድሉት ነው!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከገደሉ ተጋጭቶ ተመለሰ። «ጣትዎ ተሰብሮ ጥይት ላለማባከን ይላሉ። እሱ ያያል፣ ዝም ይላል። ከአሁን በኋላ የሚያመውም፣ የሚያፍረውም፣ የማይችለውም ወዲያው ይናገራል። ቤሴዴር? እሺ?»

ሰጠው በዕድሜው ከእህት ልጅም ከወንድም ልጅም እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። አልተቆጣም። ልክ መሆኗ አጥንቱ ድረስ ገባው።

«ቤሴዴር» አለ። «አውራ ጣቴ አይሠራም። ምንም አይሠራም።»

«ክንዴ አይነሣም» አለ ቤኒ።

ኖጋ የቤኒን ክንድ በሻርፕ ደረቱ ላይ አሠረች፣ የሰጠውን አውራ ጣት ከሌባ ጣቱ ለይታ በጨርቅ ጠቀለለች፤ ሣጥኑን አሁን ጃኬቷ ውስጥ ደረቷ ላይ አድርጋ ከፊት መራች። የተጠረገ መንገድ የለም፤ በጭቃና በጠጠር ውስጥ እሷ በረገጠችበት እየረገጡ ተከተሏት።

ፀሐይ ሊጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ጭጋግ መጣ። ከእርጥቡ መሬት ተነሥቶ ሸለቆውን ሞላው፤ አሥር እርምጃ ፊት ያለ ነገር አይታይም። ከጭጋጉ ውስጥ የፍየል ጩኸት ሰሙ፣ ቀጥሎ የሞተር ድምፅ።

«አባ መኪና የለውም» አለች ኖጋ።

ጎንበስ ብለው ቀረቡ። በአስፋ በረት ፊት አንድ ፒካፕ ቆሟል። ፊታቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ ሁለት ሰዎች ፍየሎቹን እየጎተቱ ይጭናሉ። ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት በበረሃው በኩል ገብተው ኖሯል፤ ጎርፉ ሁሉን ሲቆርጥ ባለቤቱም ረዳት እንደሌለው አውቀውታል። የአስፋ ጎጆ ከፒካፑ ወዲያ ነው። ወደ እሱ የሚያስገባው መንገድ በሌቦቹ መሐል ያልፋል።

«እስኪሄዱ ብንጠብቅስ?» አለ ቤኒ በሹክሹክታ።

«ስንት ፍየል አለው መሰለህ? ሌላ ሰዓት ይፈጅባቸዋል» አለች ኖጋ። «አባ ያን ያህል ጊዜ የለውም።»

ሰጠው ወደ ቤኒ ዞረ።

«እኔ ነኝ የምሄደው። አንተ ክንድ የለህም፣ እሷ መድኃኒቱን ይዛለች።»

ሁለቱ ሽጉጦች መሬቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቤኒ የራሱን ለሌላ ሰው መስጠት እንደማይፈቀድ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በነጋታው ለፖሊስ ራሱ ሊናገር ወስኖ አወጣት። ሰጠው የራሱን አየ። ልክ እንደ ጠዋቱ ታምራለች።

«ይቺን በግራ እጄ ሳብ አድርጌ፣ ከዚሁ አቀባብዬ ብወጣስ?» አለ።

«አቀባብለው በዚህ ጭጋግ ውስጥ?» ቤኒ ራሱን ነቀነቀ። «ጣትዎ በብርድ ደንዝዟል ጋሼ። ሲነኳት ትተኩሳለች ብዬዎታለሁ። ቢደናቀፉስ? ፍየል ቢዘልብዎስ?»

ጠዋት ቢሆን ሰጠው ይከራከር ነበር። አሁን ከባዷን አነሣ። አውራ ጣቱን ምንም አልጠየቀችውም።

«ቆይ» አለ ቤኒ። ሽጉጧን በግራ እጁ ከሰጠው እጅ ወሰደ፤ በአንድ እጅ፣ ምንም ሳያፍር። ከፍቶ አራቱን ጥይት ቆጠረ፣ ለሰጠውም አሳየ። «ይቁጠሩ።»

«አራት።»

«አራት። ይሂዱ።»

ሰጠው ብድግ ብሎ ቀጥ ብሎ በጭጋጉ ውስጥ ሄደ። ፈርቷል፤ ግን ፍርሃቱ እግሩን አልያዘውም። ከፒካፑ በአሥራ አምስት እርምጃ ሲደርስ ቆመ። ከዚያም ሃያ ሁለት ዓመት በሰልፍ ፊት ሲጮህ የኖረበትን ድምፅ አወጣ።

«ቁሙ!» አለ በዕብራይስጥ። «እጅ ወደ ላይ! ዙሪያችሁን ተከባችኋል!»

ከብቦ የቆመው እሱ ራሱ ብቻ ነው። ሌቦቹ ግን ይህንን በምን ያውቃሉ? አንደኛው የያዘውን ፍየል ለቆ ወደ መኪናው ሮጠ። ሁለተኛው የብረት ዘንግ አንሥቶ ወደ ድምፁ ወረወረ፤ ዘንጉ ከሰጠው ጆሮ አጠገብ እያፏጨ አለፈ። ሰጠው ወደ መሬቱ አነጣጥሮ ሳበ። ምላጩ ረጅም፣ ከባድ፣ እንደገና ረጅም ነበር፤ በመጨረሻ ተኮሰ። ጭቃው ፈነዳ። ሞተሩ አጓራ፤ ፒካፑ የኋላ በሩ እንደተከፈተ ተፈተለከ። ፍየሎቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ ወረዱና እየጮሁ ወደ በረታቸው ተመለሱ።

ሰጠው ፍየሎቹን እስከ በረቱ ሸኝቶ፣ ዞር ብሎ ሊስቅ ሲል ከኋላው ጠጠር ሲንሸራተት ሰማ።

ዞረ። የበረቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ብረት ይዞ ወደ ላይ አንሥቷል፤ በአራት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ሦስተኛ ሌባ! ሰጠው አነጣጠረ። ሳበ። መዶሻው መነሣት ጀመረ። ሰውየው አንድ እርምጃ ቀረበ። ሳበ። መዶሻው ግማሽ ደረሰ። ብረቱ ወደቀ።

«ው... ውሃ» አለ ሰውየው።

የሰጠው ጣት ቆመ። መዶሻው ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ጣቱን ሲጠብቅ ዓለም ሁሉ ቆማ የምትጠብቅ መሰለው። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ለቀቀ። መዶሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ፣ ጨርቁ ከፊቱ ተንሸራተተ።

አስፋ ነበር።

«ኖጋ!» ብሎ ሰጠው ጮኸ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከደረቱ መውጣቱን ራሱም አላመነም። «ኖጋ! ነይ! አባትሽ ነው! ነይ!»

ኖጋ እየሮጠች ደረሰች። የአባቷን ሸሚዝ ገልጣ ያንን አንዱን መርፌ ወጋችው፤ መጠኑን ቆጥራ፣ ትንሽ ለኋላ አስቀርታ። ሰጠው ወንድሙን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ውሃ በጠብታ አጠጣው። ቤኒ በደህናው እጁ ብርድ ልብስ ጎትቶ አመጣ። ኖጋ በየሰዓቱ ጣቱን እየወጋች ስኳሩን ለካች፤ ቁጥሩ መውረድ የጀመረው በሦስተኛው ልኬታ ነው። ያኔ ብቻ ተቀምጣ አለቀሰች።

ጠዋት ጭጋጉ ሲነሣ አስፋ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ገርጥቷል፤ አስተያየቱ ግን ያው የድሮው ነው።

«አያ» አለ። «እርስዎ ነዎት? እንዴት መጡ?»

«በእግሬ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዝም በል» አለ ሰጠው። ኖጋና ቤኒ እየሰሙት ቀጠለ። «አስፋ፣ የምነግርህ አለኝ። ትናንት በረቱ በር ላይ ሽጉጥ ያነጣጠርኩት ባንተ ላይ ነበር። ምላጩን ግማሽ ድረስ ስቤዋለሁ።»

አስፋ ዞሮ አየው።

«ታዲያ እኔ መሆኔን በምን አወቁ?»

ሰጠው መዋሸት ይችል ነበር። ደምህ ጠራኝ፣ ልቤ ነገረኝ ቢል ማን ይከራከረዋል? ሰውም የሚወድደው እንዲህ ያለውን ነው።

«አላወቅኩህም» አለ። «ውሃ እስክትል ድረስ አላወቅኩህም። የቤኒ ሽጉጥ ምላጭ ከባድ ነው፤ ስቤ ሳልጨርሰው አንተ ተናገርክ። እኔ የመረጥኳትን ይዤ ቢሆን ኖሮ አቀባብዬ ነበር የምወጣው። ጣቴ ሲነካት ታበቃ ነበር። ዛሬ እየቀበርኩህ ነበር።»

እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም፣ ፊቱንም አላዞረም።

አስፋ እጁን አውጥቶ የወንድሙን ክንድ ያዘ።

«እኔም እኮ ሌባ መስለውኝ አናትዎን በብረት ልልዎት ነበር» አለ። «ክንዴ እምቢ አለኝ እንጂ አሳምሬ አስቤበት ነበር።»

ሰጠው ቀና ብሎ አየው። ሳቁ ከልቅሶው ጋር ተደባልቆ ወጣ፤ አስፋም ሳቀ፣ ሲስቅ አሳለው፣ ሲያስለው እንደገና ሳቀ።

«ያቺን ቆንጆዋን ምን ሊያደርጓት ነው?» አለ ቤኒ ከወዲያ ሆኖ።

«እመልሳታለሁ። ከባዷን ነው የምትሰጠኝ። ቀርፋፋዋን፣ ያቺ ሰው ምሳውን በልቶ ይጨርሳል ያልኳትን።»

ቀትር ላይ ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ጭቃ እንደተቀቡ፣ እንደዚያው እየሳቁና እያለቀሱ ነበር። ከሄሊኮፕተሩ የወረዱት ሰዎች ታማሚው የትኛው እንደሆነ ኖጋን መጠየቅ ነበረባቸው።